መምህር ደበላና የ«ትናንት» ሰዓታቸው

የመምህር ደበላን ዕረፍት የሰማሁት ጌዶ መናኸሪያ፣ ወደ አምቦ ለሚመለስ ሚኒባስ ተሳፋሪ እየጠራሁ ሳለ ነው። የደወለችው ጫልቱ ነበረች፤ አብራኝ የተማረች፣ ዛሬ አምቦ ነርስ የሆነች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። «ቲቸር ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር» አለችና ስልኩን ዘጋችው። መጥራቴን ተውኩ። ሾፌሩ ኪዳኔ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ምነው፣ ምላስህን ገበያ ረስተኸው መጣህ?» አለኝ። ስነግረው ሞተሩን አጠፋ። ኪዳኔም የክፍላችን ልጅ ነው። ከጌዶ እስከ አምቦ ባለው መንገድ ሁሉ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ አንድም ቀልድ ሳይቀልድ ነዳ።

ይህን የምጽፈው በጌዶ፣ በጉደርና በአምቦ ከመምህር ደበላ ፊት ቆማችሁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለተናገራችሁ ሁሉ ነው። ዛሬ በየቢሮው፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየማሳው ተበትናችኋል፤ ብዙዎቻችሁ ለቀብር አልደረሳችሁም። እኔ ግጥም ከመጻፍ በቀር የረባ ሙያ የለኝም፤ አንድ ቦታም አልረጋም። ያየሁትን ግን አልረሳም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መምህር ደበላ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ክፍል ሲገቡ ቡናማ ባርኔጣቸውን አውልቀው የመምህሩ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ወንበሩ የባርኔጣው ነበር፤ እርሳቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያየ ተማሪ የለም። አንድ ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው ሲያነክሱ አይተን እንዲቀመጡ ለመንናቸው። «ከተቀመጥኩ የኋላውን ረድፍ አላይም» አሉን። ያኔ ኩረጃ ለመያዝ መስሎን ነበር።

እኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታችንን በኦሮምኛ የተማርን፣ ገበያውንና ቢሮውን በአማርኛ የለመድን ልጆች ነን። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ታሪኩም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። መጽሐፋችን ያለፈ ጊዜ ግሥን በአንድ ምዕራፍ፣ የባለቤትነት ቃላትን በሌላ ምዕራፍ፣ መስተዋድድን ደግሞ መጨረሻ አካባቢ አስቀምጦታል። መምህር ደበላ ምዕራፎቹን ለየብቻ ማስተማር አይወዱም ነበር። «ሰው እንዲህ ተቆራርጦ አይኖርም» ይሉናል። «አንድ ነገር አደረገ። ያደረገው የሆነ ሰው ነገር ላይ ነው። ያደረገውም የሆነ ቦታ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ካልያዛችሁ ዓረፍተ ነገሩም አይቆም፣ ሰውየውም አይታይ።»

ስለዚህ ክፍለ ጊዜያቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው በ«ትናንት» ነበር። ጥቂት ተማሪ ያስነሳሉ፤ የተነሳው በእንግሊዝኛ ትናንት በእርግጥ የሆነ አንድ ነገር ይናገራል። እርሳቸው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁታል። ምን ሆነ? የማን? የት? መልሱ ሲሟላ ተማሪውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «አይቼሃለሁ፣ ተቀመጥ» ይሉታል። ይህቺን ቃል እስኪሰማ ድረስ ማንም አይቀመጥም።

ቃላቱ ሲጠፉብን ባርኔጣው ይሠራ ነበር። የኪዳኔን ደብተር ባርኔጣው ውስጥ፣ ባርኔጣውን የጫልቱ ዴስክ ስር፣ ቾኩን የእኔ ጆሮ ላይ ያደርጉና «ደበላ ምን አደረገ?» ይላሉ። ስንስቅ ስንስቅ «ፑት» ያለፈ ጊዜ ሆኖም መልኩ እንደማይለወጥ፣ «ሌፍት» ግን ከ«ሊቭ» እንደመጣ ሳናውቀው አጥንታችን ውስጥ ገባ።

የምንሳሳተውን ስሕተት ከየት እንደምናመጣው ያውቁ ነበር፤ አይቆጡንም። «በኦሮምኛ አስቀድመህ ቤት ትልና ባለቤቱን ከኋላ ታስከትላለህ። በአማርኛ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ቤቱ ይከተላል። እንግሊዝኛ በሁለቱም በር ያስገባሃል፤ እናንተ ግን ሁለቱን በር አንድ ላይ ከፍታችሁ መሐል ላይ ትጋጫላችሁ» ይሉን ነበር። ስለ ግሡ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «እኛ የሆነውን ነገር እስከ መጨረሻው ደብቀን እናቆየዋለን። እንግሊዝ ግን ችኩል ነው፤ ሰውየውን እንደጠራ ምን እንዳደረገ ይነግርሃል። የት እንደሆነ ለማወቅ ግን እስከ መጨረሻው ስማው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ክልክል ነበር። «አይ ሬድ ማይ ቡክ አት ሆም» የምትለዋ፤ ቤቴ ሆኜ መጽሐፌን አነበብኩ ማለት ነው። ያልተዘጋጀ ተማሪ ሁሉ የሚሸሸግባት ናት። ግሡ ትክክል፣ ባለቤቱ ትክክል፣ ቦታው ትክክል። መምህር ደበላ ሲሰሟት ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «ይህ ሞቷል። ሕያው አምጣ» ይላሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚከፋቸው የገባው ልጅ አልነበረም።

ሕያው ማምጣት የኪዳኔ ሙያ ነበር። አንድ ቀን ተነስቶ፣ የጎረቤታችን ዶሮ ትናንት አባቴ ኮፍያ ውስጥ እንቁላል ጣለች አለ።

«እንቁላሉስ የማን ሆነ?» አሉት መምህር ደበላ።

«እስካሁን አልታወቀም፣ ቲቸር። አባቴ ኮፍያው የኔ ነው ይላል፣ ጎረቤታችን ዶሮዋ የኔ ናት ትላለች።»

«አንተስ?»

«እኔ በልቼዋለሁ።»

«አይቼሃለሁ፣ ተቀመጥ» አሉት እየሳቁ።

ጫልቱ ከጉደር ማዶ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች አምቦ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ከቤተሰቧ ስንቅ እያመጣች ትማር ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለን አባቷ ሞተ። ከለቅሶው ተመልሳ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ እጇን አታወጣም። አንድ ጠዋት መምህር ደበላ አስነሷት።

«የስተርደይ» አለች ጫልቱ ወለሉን እያየች፣ «አይ ስሌፕት ቢሳይድ ማይ ፍሬንድስ ሺፕ።» ትናንት ከጓደኛዬ በግ አጠገብ ተኛሁ ማለቷ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ማን ነው ያንኮራፋው፣ አንቺ ወይስ በጉ?» አለ ኪዳኔ።

መምህር ደበላ አልሳቁም። ድምፃቸውን ሳይለውጡ በጉ የት እንደነበረ ጠየቋት። «ኢን ሃር ፋዘርስ ኪችን» አለች፤ በጓደኛዬ አባት ማድ ቤት። ሳቁ ቀነሰ። ብርድ ልብስሽስ የት ነበር አሏት። ጫልቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «ዘ ኦነር ቱክ ማይ ብላንኬት ፍሮም ማይ ሩም።» አከራዬ ብርድ ልብሴን ከክፍሌ ወሰደብኝ።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ኪዳኔ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ግሡም፣ ባለቤቱም፣ ቦታውም ትክክል ነው» አሉ መምህር ደበላ። «አይቼሻለሁ፣ ጫልቱ። ተቀመጪ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ቀኑን ጻፉ። ቾኩ ሲሰበር ሰማን።

ነገሩ በኋላ ተገለጠ። አባቷ ከሞተ ወዲህ አጎቷ ኦቦ ሁንዴ የቤት ኪራዩንም ስንቁንም አቁመዋል፤ እስከ ገበያው ቀን ጠቅልላ እንድትመጣም ልከውባታል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ያኔ ከተመለሰች ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዓመት በኋላ የምናያት ልጅ አዝላ ገበያ ውስጥ ነው። መምህር ደበላ በዚያው ቀን ጫልቱን ቤታቸው ወሰዷት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ምንም ሳይጠይቁ ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር አስተኟት። አጎቷ ካልፈቀዱ ግን ይህ ልጅ መስረቅ ነው አሉ መምህሩ። ስለዚህ በገበያው ቀን ወደ ጉደር ወረድን፤ እርሳቸው፣ ጫልቱ፣ አጎቷን የሚያውቃቸው ኪዳኔና፣ የማይመለከተኝ ቦታ መገኘት የምወድ እኔ።

ኦቦ ሁንዴ የቀይ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አጠገባቸው ግራጫ አህያ ቆማለች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሁንዴ» አሉ መምህር ደበላ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«ፈያ፣ ገለተ ዋቃ» አሉ፤ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን ማለታቸው ነው። «ልጅቷ አጠፋች እንዴ፣ ኦቦ መምህር?»

«አላጠፋችም። እኔ ነኝ ልለምን የመጣሁት።»

«አይለምኑኝ» አሉ ኦቦ ሁንዴ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። «ወንድሜ ሞተ። ሚስቴ አራስ ናት። የሁለት ቤት እርሻ በአንድ እጅ ይዣለሁ። እንግሊዝኛው ሽንኩርት አይነቅልልኝም። እርስዎስ በእኔ ቦታ ቢሆኑ?»

«ጨንቆኝ እንደ እርስዎ አደርግ ይሆናል» አሉ መምህር ደበላ። ይህን ሲሉ ኪዳኔና እኔ ተያየን፤ የተሸነፉ መስሎን ነበር። «ከመከልከልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ትናንት የዋሉትን ለጫልቱ በኦሮምኛ ይንገሯት። እርሷ በእንግሊዝኛ ትለዋለች፣ ከዚያ መልሳ በኦሮምኛ ትነግርዎታለች። ምን ስትማር እንደቆየች ይስሙ።»

ኦቦ ሁንዴ ሳቁ። በዙሪያው ያሉት ነጋዴዎችም ጠጋ ጠጋ አሉ። «ትናንት ምን አለ? ሽንኩርቱን ነቀልኩ፣ አህያዋ ላይ ጫንኩ፣ ወንዙ ጋ ስደርስ አዳለጣትና ጅራቷን ይዤ አወጣኋት። ይኼም ታሪክ ሆኖ በፈረንጅ አፍ ሊነገር ነው?»

ጫልቱ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ቆመች። በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ቦታ ሳትሰናከል። ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዷ ሴትዮ «በሉ አህያዋም ፈረንጅ አገር ታወቀች» አለች። ከዚያ ጫልቱ ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። «አጎቴ ትናንት ከአባቴ ማሳ ላይ ሽንኩርት ነቀለ። የአባቴ አህያ ላይ ጫነው። የአባቴ አህያ ወንዙ ውስጥ ስትወድቅ አጎቴ ጅራቷን ይዞ አዳናት።»

የማን እንደሆነ ኦቦ ሁንዴ አልተናገሩም ነበር። እርሷ ግን ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አድርጋ ስለተማረችው ጨመረችው። በድምፅዋ ውስጥ ክስ አልነበረም። ያዳናትም አጎቴ ነው ብላለች።

ኦቦ ሁንዴ ከጆንያው ላይ ተነሱ። አህያዋን አዩዋት፣ ጆሮዋን አሻሹ።

«የአባቷ ናት» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «አልዋሸችም።» ከዚያ ወደ መምህር ደበላ ዞሩ። «እስከ ፈተናው ትቆይ። ስንቋን አህያዋ ታመጣለች።»

እንዳሉትም ሆነ። በየሳምንቱ ግራጫዋ አህያ ከመምህር ደበላ አጥር ጋር ታስራ እናያት ነበር። ኪዳኔ በሩ ላይ ቆሞ «ጫልቱ፣ ዘመድሽ መጥታለች፣ ነይና እንግሊዝኛ አስጠኛት» እያለ ይጣራል። ጫልቱም «መጀመሪያ አንተ ተፈተን፣ ከሁለታችሁ የወደቀው ሽንኩርቱን ይሸከም» ትለዋለች። ፈተናውን አለፈች። ውጤቷ የተነገረ ዕለት ኦቦ ሁንዴ ራሳቸው መጡ፤ ወይዘሮ አስናቀች ያቀረቡላቸውን በልተው ጨረሱ። ከዚያ «አሁን ደግሞ የት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ፤ ይከለክሉ የነበሩት ሰው መንገዱን ጠየቁ። ጫልቱ ነርስነት ተማረች።

እኔ መንገድ በላኝ። አዲስ አበባ፣ ነቀምቴ፣ ደግሞ አምቦ፤ በሄድኩበት ሥራ እየጀመርኩ እየተውኩ ኖርኩ። ባለፈው በጋ መምህር ደበላ ኩላሊታቸውን መታመማቸውን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። ግጥም አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ጥሩ ነው። ግን ይቺ የምታለቅሰው ሴት የት ሆና ነው የምታለቅሰው?» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ የልጅነት ድፍረቴ መጣብኝና፣ ሁላችንን «ትናንት» ሲያናግሩን ኖረው የራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ ነግረውን እንደማያውቁ አነሳሁባቸው።

«ተራዬ ደርሷል ማለት ነው» አሉ።

የነገሩኝን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ። ጌዶ በጀማሪነት ሲያስተምሩ ታምሩ የሚባል የገጠር ልጅ ነበራቸው፤ ፀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር። አንድ ቀን ያለፈ ጊዜ ሲያስተምሩ «አይ ኤት ማይ ማዘርስ ብሬድ አት ሆም» አላቸው፤ ቤቴ ሆኜ የእናቴን ዳቦ በላሁ። ወጣቱ መምህር በጣም ተደሰቱ። ግሡ፣ ባለቤቱ፣ መስተዋድዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተሟልቶ የመጣው ያን ዕለት ነበር። ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ክፍሉ አጨበጨበለት፣ በሌሎቹ ክፍሎችም ምሳሌ አድርገው አስተማሩበት። ጥቂት ቆይቶ ታምሩ መምጣት አቆመ። ስሙን ከስም መጥሪያው ላይ ሰረዙት፤ አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ የመንደሩ ሰው ገበያ ላይ አገኙና ጠየቁት። ታምሩ ለቀን ሥራ ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ በወባ ሞቷል። እናቱ ደግሞ ትምህርት ከመጀመሩም በፊት ነበር የሞተችው። ስንቅ የሚልክለት አልነበረውም።

«ዓረፍተ ነገሩ አንድም ስሕተት አልነበረውም» አሉኝ። «እንዴት እንዳማረ አየሁ። ልጁ ግን ፊቴ ቆሞ ነበር፣ አላየሁትም። የቱ ቤት? ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት?»

ወይዘሮ አስናቀች ወጥተው ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካከሉላቸው፤ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ከእጃቸው ያስታውቅ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያስታመመቻቸው ጫልቱ ናት። ጠዋት ስትገባ እንደ ድሮው በእንግሊዝኛ «ትናንት ምን ሆነ፣ ቲቸር?» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ረጅም ይመልሱ ነበር፤ የልጄ ልጅ ባርኔጣዬን ደፍታ አልጋዬ ዙሪያ ሮጠች ይላሉ። ቀስ በቀስ አጠረ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ «የአስናቀች እጅ። ግንባሬ ላይ» ብቻ አሉ።

«ግሡስ፣ ቲቸር?» አለቻቸው ጫልቱ።

«ግሥ ደክሞኛል» አሉ። «እሱን አንቺ ጨምሪበት።»

ቀብራቸው ላይ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ኦቦ ሁንዴ ከጉደር ማዶ በምርኩዝ መጡ። መዘምራኑ ሲዘምሩ የአንድ ዘመን ተማሪዎች ከሌላው ዘመን ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆምን፤ ብዙዎቻችን አንተዋወቅም። አንዱ ጎልማሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንተንስ ምን ብለህ ነበር ያዩህ?» አለኝ። የጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። የምመልስለት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ እሱም የራሱ ነበረው። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ አንድ አንድ የነበረው ይመስለኛል።

ቲቸር፣ ተራዬን ልነሳ። ትናንት ኪዳኔ ሚኒባሱን ከመቃብርዎ ደጃፍ አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ትናንት ኦቦ ሁንዴ ምርኩዛቸውን ከለቅሶዎ ድንኳን ምሰሶ ስር ጥለው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው እስከ ጉድጓድዎ አፍ ድረስ ሄዱ። ትናንት ጫልቱ ባርኔጣዎን ከአስከሬን ሳጥንዎ ላይ አንስታ በወይዘሮ አስናቀች ጉልበት ላይ አኖረችው። አፈሩን ለታመመ ሰው ብርድ ልብስ በሚደርቡበት ዓይነት ቀስታ በላይዎ አለበስን። ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ነገርኩዎ፤ የፈጠርኩት የለም።

ዛሬ ተቀመጥ የሚለኝ ሰው ስለሌለ እንደቆምኩ ነኝ። ግድ የለም። እርስዎ ታምሩን ካጡ ወዲህ ዕድሜዎን በሙሉ ቆመው የኋላውን ረድፍ ሲያዩ ኖሩ። እኛም ከኋላ ሆነን እናይዎት ነበር።

አይተንዎታል፣ ቲቸር። አሁን ይቀመጡ።